ከአስከሬን ክፍል የሚሰማ ማስጠንቀቂያ፦ የሞት መርማሪዎች ወረርሽኝን የሚደርሱበት እንዴት ነው?

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ብሔራዊ ሪፈራል ሆስፒታል ያገለግል የነበረ አንድ ነርስ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ሕይወቱ አለፈ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነርሱ ከመሞቱ በፊት ለቀናት ትኩሳት ነበረው። ከአንድ በላይ በሆኑ የጤና ተቋማት ታክሟል፤ ወደ ባህላዊ ሐኪምም ሄዶ ነበር። ያመመው ምን እንደሆነ በሕይወት ሳለ አልታወቀም።

ምላሹ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ከአስከሬኑ የተወሰደው ናሙና፣ ሱዳን ቫይረስ የተባለውን የኢቦላ ዓይነት አሳየ። መንግሥት በማግስቱ ወረርሽኝ መከሰቱን ይፋ አደረገ። ከነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎች እየተፈለጉ ክትትል ተጀመረላቸው፤ በአራት ቀናት ውስጥም የሙከራ ክትባት መስጠት ተጀመረ። ወረርሽኙ ማብቃቱ በአፕሪል 26 ሲታወጅ የተመዘገቡት የተረጋገጡና የተጠረጠሩ ሕሙማን በድምሩ 14፣ የሞቱትም 4 ነበሩ።

ያ ናሙና ሳይወሰድ አስከሬኑ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ፣ የጤና ባለሥልጣናት ስለ በሽታው የሚሰሙት ሌሎች ሰዎች ታመው ሆስፒታል ሲገቡ ወይም ሲሞቱ ብቻ በሆነ ነበር። ከሟች የተገኘው መረጃ በሕይወት ላሉት ጊዜ አተረፈላቸው።

ሞት ለሐኪሙ የሕክምናው ፍጻሜ ነው። ለሕብረተሰብ ጤና ባለሙያው ግን አንዳንዴ የሥራው መጀመሪያ ይሆናል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች የሞት መርማሪዎች ይባላሉ፤ ሥራቸውም ከሕዝብ ዓይን ርቆ የሚከናወን ነው።

የሞት መርማሪው ሥራ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ የአስከሬን ምርመራ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወንጀልን ነው። ከየክልሉ አስከሬን ለምርመራ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይላክ የነበረባቸው ረጅም ዓመታት ይህን ግንዛቤ አጽንተውታል። «አስከሬኑ ለምርመራ ተላከ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የፖሊስ ዜና ቋንቋ ሆኖ ኖሯል።

ይሁንና ጥይትና መርዝን የሚፈልገው ዓይን ቫይረስንና ባክቴሪያንም ሊያይ ይችላል። በዩናይትድ ስቴትስ ድንገተኛ፣ ያልተጠበቀ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲያጋጥም ሕጉ ለዚሁ ለተቋቋመ ቢሮ እንዲነገር ያዛል። በአገሪቱ ወደ 2,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች አሉ። ከፊሎቹ የሚመሩት በአስከሬን ምርመራ በሠለጠኑ ሐኪሞች ነው። ሌሎቹን የሚመሩት ኮሮነር የሚባሉ፣ ብዙዎቹ በሕዝብ የተመረጡና ሐኪም መሆን የማይጠበቅባቸው ሹማምንት ናቸው።

መርማሪው ሥራውን የሚጀምረው ሰውየው ከሞተበት ስፍራ ነው። ቤቱን ያያል፤ የመድኃኒት ብልቃጦችን ይመለከታል፤ ቤተሰብን ይጠይቃል። ሟቹ ሥራው ምን ነበር? በቅርቡ ከየት መጣ? ምን እንስሳ ነካ? የሚጠጣው ውኃ ከየት ነው? በቤቱ ወይም በጎረቤት ሌላ የታመመ ሰው አለ? ከዚያ በኋላ አስከሬኑ ይመረመራል፤ ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

እነዚህ መርማሪዎች ሆስፒታል የማያየውን የሚያዩት በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ በቤታቸው የሞቱ ሰዎች ወደ እነርሱ ይመጣሉ። ሁለተኛ፣ በሽታው በጣም ፈጣን ሲሆን ምርመራ ሳያልቅ ሕይወት ያልፋል። ሦስተኛውና ምናልባትም ዋነኛው ደግሞ የእይታቸው ስፋት ነው። በአንድ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ያልተለመደ ሞት አንድ ጊዜ ብቻ ያጋጥመው ይሆናል። ከብዙ ሆስፒታሎችና መንደሮች የሞት ዜና የሚደርሰው ቢሮ ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ያያል፤ በመካከላቸው ያለውንም ዝምድና ለማስተዋል ዕድል ያገኛል።

ሁለት ወጣቶች፣ አንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት

ይህ ዕድል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ ከታየባቸው ክስተቶች አንዱ በ1993 በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት የተፈጸመው ነው። በሜይ ወር የናቫሆ ብሔር ተወላጅ የሆነና በሯጭነቱ የሚታወቅ ጤነኛ ወጣት፣ መኪና ውስጥ ሳለ ትንፋሽ አጥሮት ጋለፕ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተወሰደ። ሐኪሞች ሊያድኑት አልቻሉም።

የወጣቱ ሞት ድንገተኛና ምክንያቱ ያልታወቀ በመሆኑ ለግዛቲቱ የሞት መርማሪ ቢሮ ተነገረ። መርማሪው ቤተሰቡን ሲያነጋግር አንድ ነገር ሰማ። ወጣቱ በመንገድ ላይ የነበረው ወደ እጮኛው ቀብር ሲሄድ ነው፤ እርሷም ከቀናት በፊት የሞተችው እንደ እርሱ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ምልክት ታይቶባቸው የሞቱ ሌሎች ሰዎች መኖራቸውም ከሐኪሞች ጋር በተደረገ የመረጃ ልውውጥ ታወቀ።

የአስከሬን ምርመራው የሟቾቹ ሳንባ በፈሳሽ ተሞልቶ እጅግ መክበዱን አሳየ። ልባቸው ግን ጤነኛ ነበር። በአካባቢው የሚታወቀው የወረርሽኝ በሽታ የአይጥ ቸነፈር ቢሆንም ምርመራው የቸነፈር ምልክት አላገኘም። የኢንፍሉዌንዛ ምርመራም ውጤት አልሰጠም። የግዛቲቱ ጤና ባለሥልጣናት ለአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ለሲዲሲ አሳወቁ። ማዕከሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሕሙማን ደምና ከሟቾች ኅብረ ሕዋስ ባደረገው ምርመራ፣ ጥፋተኛው ከዚያ በፊት የማይታወቅ የሃንታ ቫይረስ ዓይነት መሆኑን ደረሰበት።

ግኝቱ ብዙዎችን አስገርሟል። ሃንታ ቫይረሶች እስከዚያ ጊዜ የሚታወቁት በእስያና በአውሮፓ፣ በዋነኝነትም ኩላሊትን በመጉዳት ነበር። ቫይረሱን ተሸክሞ የሚኖረው ዲር ማውስ የሚባል የዱር አይጥ ነው። ሰው የሚያዘው በአይጡ ሽንትና ዓይነ ምድር የተበከለ አቧራ ሲተነፍስ ነው። ተመራማሪዎች በዚያው ክረምት 1,700 ያህል አይጦችና መሰል እንስሳት አጥምደው መረመሩ፤ ከዲር ማውስ መካከል 30 በመቶ የሚሆኑት በቫይረሱ የመያዝ ምልክት ተገኘባቸው። ቀደም ብሎ የጣለው ብዙ ዝናብና በረዶ የዛፍ ፍሬውን ስላበረከተው አይጦቹ በእጅጉ ተራብተው ነበር። የናቫሆ ሽማግሌዎችም ፍሬው በበዛበትና አይጥ በተራባበት ዓመት በሽታ እንደሚመጣ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ለመርማሪዎቹ ነግረዋቸዋል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ለሕዝቡ የሚሰጠው ምክር ቀላልና ጠቃሚ ሆነ። አይጥ የገባበትን ክፍል በደረቁ አትጥረጉ፤ አናፍሱት፤ ቆሻሻውን በበረኪና አርሳችሁ ጥረጉ። በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱን በላይ የሚገድልና የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት ያልተገኘለት በመሆኑ፣ ይህ ምክር ሕይወት አድን ነበር።

ታሪኩ ወደ ኋላም ሄዷል። በአስከሬን ምርመራ ወቅት ተወስዶ የተቀመጠ ኅብረ ሕዋስ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ሳይንቲስቶች ወደ ኋላ ተመልሰው ሲመረምሩ፣ በ1959 በዩታ ግዛት አንድ የ38 ዓመት ሰው የታመመው በዚሁ በሽታ መሆኑን አረጋገጡ። «አዲስ» የተባለው በሽታ ቢያንስ ለ34 ዓመታት ስም ሳይወጣለት ሰው ሲያጠቃ ኖሯል።

አስከሬን ምን ይናገራል?

ወረርሽኝን ለመለየት የሚደረግ የአስከሬን ምርመራ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው በሽታው የትኛውን የሰውነት ክፍል እንዴት ጎዳ የሚል ነው። መርማሪው ሳንባን፣ ልብን፣ ጉበትን፣ አንጎልን ያያል፤ ይመዝናል፤ ከእያንዳንዳቸው ትንንሽ ቁራጮች ይወስዳል። ቁራጮቹ በፎርማሊን ተነክረው፣ በሰም ተደርገው፣ በስሱ ተቆርጠው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጉዳቱን ያደረሰው ተሕዋስ የትኛው ነው የሚል ነው። ለዚህ የዘረመል ምርመራ ይደረጋል፤ በኮቪድ ዘመን ሁሉም ሰው ስሙን የሰማው ፒሲአር አንዱ ነው። ተሕዋሱን ከነተቀመጠበት ሕዋስ ለይቶ በቀለም የሚያሳይ ዘዴም አለ። የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ሲገጣጠም ነው መርማሪው «ይህ ሰው የሞተው በዚህ በሽታ ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት መጻፍ የሚችለው።

ይህ ጥንቃቄ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በአስከሬን ውስጥ ተሕዋስ ተገኘ ማለት ሰውየውን የገደለው እርሱ ነው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በሞት ማስረጃ ላይ «ልቡ ቆሞ ሞተ» ብሎ መጻፍ ለጤና ባለሥልጣናት ምንም አይነግራቸውም፤ የማንም ሰው ልብ ሲሞት ይቆማልና። የሚያስፈልገው ልቡን ያቆመውን ነገር ማወቅ ነው።

ኒው ሜክሲኮ ከሃንታ ቫይረስ በኋላ ይህን ሥራ በአጋጣሚ ከመተው ይልቅ ሥርዓት አበጀችለት። የቢሮው መርማሪዎች በትኩሳትና በመተንፈስ ችግር፣ በአንጎል ብግነት፣ በደም መፍሰስ ወይም በሽፍታ ለሞቱ ሰዎች የምልክት ዝርዝር አዘጋጁ። የሟቹ ታሪክ ከዝርዝሩ ጋር ሲገጥም አስከሬኑ ይመረመራል፤ ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤቱም ለጤና መሥሪያ ቤት ይላካል።

የተቀመጠ ናሙና ጥቅም በኮሮና ወረርሽኝም ታይቷል። በዩናይትድ ስቴትስ በኮቪድ-19 የመጀመሪያው ሞት የተመዘገበው በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ፣ በዋሺንግተን ግዛት እንደሆነ ይታመን ነበር። በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ አውራጃ የሞት መርማሪ ቢሮ ግን ፌብሩዋሪ 6 ቀን ቤቷ ውስጥ ከሞተች ሴት የወሰደውን ኅብረ ሕዋስ ለሲዲሲ ልኮ ነበር። በአፕሪል የመጣው ውጤት በኮቪድ መሞቷን አረጋገጠ። ቫይረሱ ከተገመተው ሳምንታት ቀድሞ በማኅበረሰቡ ውስጥ ሲዛመት እንደነበር የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

መርማሪ በሌለበት አገር

እስካሁን የተገለጸው ሥራ ላቦራቶሪ፣ ማቀዝቀዣና የሠለጠነ ሐኪም ይጠይቃል። በአፍሪካ ግን አብዛኛው ሰው የሚሞተው በቤቱ ነው፤ ሞቱም በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ከሚከሰተው ሞት ከአሥሩ አራቱ አይመዘገብም፤ በአፍሪካ ቀጠና ደግሞ የሚመዘገበው ከአሥር አንዱ ብቻ ነው። ኢትዮጵያም የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ በአፍሪካ የሚገኙ ባለሙያዎች ሙሉ የአስከሬን ምርመራን የሚተኩ ቀለል ያሉ ዘዴዎችን መጠቀም ነበረባቸው። ከሁሉም ቀላሉ ከሟች አፍ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው።

በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ ወቅት ሴራሊዮን ማንኛውም ሞት በ117 የስልክ መስመር እንዲነገር አዘዘች። ቀባሪ ቡድኖችም ከአስከሬኖች የአፍ ናሙና ይወስዱ ነበር። አገሪቱ ከኢቦላ ነጻ መሆኗ በኖቬምበር 2015 ከታወጀ በኋላም ናሙና መውሰዱ አልቆመም። ጃንዋሪ 14 ቀን 2016 የዓለም ጤና ድርጅት ላይቤሪያ ነጻ መሆኗን ሲያስታውቅ፣ በሦስቱ አገሮች የሚታወቅ የበሽታው ሰንሰለት ሁሉ ተቆረጠ ተባለ። በማግስቱ ግን ከሴራሊዮን ሌላ ዜና መጣ። ከቀናት በፊት የሞተች የ22 ዓመት ወጣት የአፍ ናሙና ኢቦላ አሳይቶ ነበር።

ወጣቷ ታማ ጤና ተቋም ሄዳለች፤ ኢቦላ ነው ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም። ናሙናው ባይወሰድ ኖሮ ምክንያቱ ሳይታወቅ ትቀበር ነበር። ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ወዲያው ተፈልገው ክትትል ተደረገላቸው። ከእርሷ ሌላ የታመመችው ያስታመመቻት ዘመዷ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ዳነች።

በዛምቢያ መዲና ሉሳካ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነበር። በ2020 ብዙዎች ኮቪድ አፍሪካን ለምን ማራት እያሉ ይጠይቁ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል የተሠራና በ2021 መጀመሪያ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት ይህን ግምት ፈተነው። ተመራማሪዎቹ ከጁን 2020 ጀምሮ ለጥቂት ወራት ወደ አስከሬን ክፍሉ ከመጡ ሟቾች ናሙና ወሰዱ። ውጤት ከተገኘላቸው 364 ሟቾች መካከል በ58ቱ፣ ማለትም በ15.9 በመቶዎቹ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። የመለኪያው ወሰን ሰፋ ሲደረግ ቁጥሩ ወደ 70 ከፍ አለ። ከእነዚህ 70 ሰዎች 51ዱ የሞቱት ከሆስፒታል ውጪ ሲሆን፣ በሕይወት ሳሉ የተመረመረ አንድም አልነበረም። በሆስፒታል ከሞቱት 19 ሰዎች የተመረመሩት 6 ብቻ ነበሩ።

ጥናቱ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሁሉ የሞቱት በኮቪድ ብቻ ነው አላለም። ያሳየው ነገር ግን ቀላል አልነበረም፤ በሽታው አፍሪካን አልማራትም፤ በሉሳካ የጎደለው ምርመራው ነበር።

በሐረርና በቀርሳ፦ መርፌ ቢላን ሲተካ

ሙሉ የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። የሕፃን ልጅ አስከሬን ሲሆን ደግሞ ከባድነቱ ይበረታል። ይህን ችግር ለማቃለል የተዘጋጀ ዘዴ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሥራ ላይ ይገኛል።

ቻምፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር መረብ ዓላማው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ማወቅ ነው። በቢል እና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በ2015 ተመሥርቶ በኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ይመራል። በኢትዮጵያ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሐረር ከተማና በቀርሳ ይሠራል። በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በማሊ፣ በሴራሊዮን፣ በደቡብ አፍሪካና በባንግላዴሽም ጣቢያዎች አሉት።

ባለሙያዎቹ አስከሬኑን አይከፍቱም። ቤተሰብ ሲፈቅድ በመርፌ ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጎል ጥቃቅን ናሙናዎችን፣ እንዲሁም ደምና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይወስዳሉ። ይህ የሚደረገው ሞቱ በተከሰተ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ አስከሬኑ በማቀዝቀዣ ከቆየ ጊዜው ይራዘማል። ናሙናዎቹ ከመቶ በላይ ለሚሆኑ ተሕዋስያን ይመረመራሉ። በመጨረሻም የሐኪሞች ቡድን የላቦራቶሪውን ውጤት፣ የሕክምና ሰነዱንና የቤተሰቡን ቃል አጣምሮ ሕፃኑን ለሞት ያበቃውን የምክንያት ሰንሰለት ይወስናል። ውጤቱ ለቤተሰቡ ይነገራል።

ከዚህ መረብ የተገኘው ዕውቀት ሁለት ነገር አስተምሯል። አንደኛ፣ ሕፃን በአንድ በሽታ ብቻ የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። የምግብ እጥረት፣ ያለ ጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን ተደራርበው ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የሚባለው ባክቴሪያ ከዚያ በፊት ከተገመተው በላይ ብዙ ሕፃናትን ለሞት ሲዳርግ ተገኝቷል። ይህ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ በሕክምና ተቋማት ውስጥ የሚተላለፍና በርካታ አንቲባዮቲኮችን የሚቋቋም ነው። ገዳዩ ከታወቀ መከላከያው ይታወቃል፤ የእጅ ንጽሕና፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አያያዝና የመድኃኒት ምርጫ በዚሁ ይቃኛሉ።

ቀባሪው መርዶ ነጋሪ ሲሆን

ናሙና መውሰድ በማይቻልበት ቦታ የሚቀረው የቤተሰብ ቃል ነው። የሠለጠነ ጠያቂ ከሐዘኑ ጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ቤቱ ሄዶ ሟቹ ያሳየውን ምልክት በዝርዝር ይጠይቃል። ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? ሳል ነበረው? ክብደቱ ቀንሶ ነበር? ከመልሱ ተነስቶ የሞቱን ምክንያት መገመት ይቻላል። ዘዴው እንደ ላቦራቶሪ ትክክለኛ ባይሆንም፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሲሰበሰብ የበሽታን አካሄድ ያሳያል።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ታሪክ አላት። በአገራችን አንድን ነገር ከማንም ይበልጥ ለሚያውቀው ሰው መንገር ከንቱ ድካም መሆኑን ለመግለጽ «ለቀባሪ አረዱት» ይባላል። ከ2001 ጀምሮ በከተማይቱ በተካሄደ ጥናት ግን ቀባሪው ራሱ ለጤና ባለሙያዎች መርዶ ነጋሪ ሆነ። በቤተ ክርስቲያናት፣ በሙስሊም መካነ መቃብርና በሌሎችም የቀብር ስፍራዎች ያሉ ሠራተኞች የእያንዳንዱን ሟች ዕድሜ፣ ጾታ፣ የመኖሪያ ቦታና ቤተሰብ የተናገረውን የሞት ምክንያት እንዲመዘግቡ ተደረገ።

በዚያን ጊዜ ኤችአይቪ/ኤድስ በአፍ የማይጠራ ስም ነበር። ቤተሰብ «የሳንባ በሽታ» ወይም «ብርድ» ይል ነበር። ተመራማሪዎቹ እነዚህን አነጋገሮች ከዝርዝር የቃል ምርመራ ጋር በማነጻጸር የትኛው ቃል የትኛውን በሽታ እንደሚሸፍን ለዩ። በዚያ ዘመን በከተማይቱ በአምራች ዕድሜ ላይ ሳሉ ከሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው ያለፈው ከኤድስ ጋር በተያያዘ መሆኑ ተገመተ። በ2005 የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ለውጡ በእነዚሁ የቀብር መዝገቦች ላይ ታየ፤ በኤድስ የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር በጉልህ ቀነሰ። መድኃኒቱ ሰው እያተረፈ መሆኑን ከመሰከሩት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው ከመቃብር ጠባቂዎች ደብተር ነበር።

እምነት ሳይኖር ምርመራ የለም

ይህ ሁሉ ሥራ የቆመው በቤተሰብ ፈቃድ ላይ ነው። ሐዘንተኛ ቤተሰብ የሚወደውን ሰው አስከሬን ለእንግዳ ሰው አሳልፎ መስጠት ይከብደዋል። በእስልምና ሟችን ፈጥኖ መቅበር ይወደዳል። በክርስትናም ለአስከሬን የሚሰጠው ክብር ከፍ ያለ ነው። ስለሆነም መርማሪው ፈጣን፣ ትሑትና ግልጽ መሆን ይጠበቅበታል። ምን እንደሚወስድ፣ ለምን እንደሚወስድና ውጤቱን መቼ እንደሚያሳውቅ አስቀድሞ መንገር ግዴታው ነው።

ይህ ሲዘነጋ የሚደርሰውን ላይቤሪያ አይታለች። በ2014 ኢቦላ ሞንሮቪያን ሲያጥለቀልቅ መንግሥት አስከሬኖች እንዲቃጠሉ አዘዘ። ውሳኔው ከሕዝቡ ባህል ጋር ስለተጋጨ ቤተሰቦች ሙታናቸውን እየደበቁ በሌሊት መቅበር ጀመሩ። የተደበቀ አስከሬን አይመረመርም፤ ንክኪ የነበራቸው ሰዎችም አይታወቁም። በዓመቱ መጨረሻ የመቃብር ስፍራ ተዘጋጅቶ፣ ቤተሰብ በርቀት ቆሞ የሚሰናበትበትና የሃይማኖት አባት የሚጸልይበት ክብሩን የጠበቀ ቀብር ተፈቀደ።

መገለልም ሌላው እንቅፋት ነው። በ1993 መገናኛ ብዙኃን አዲሱን በሽታ በናቫሆ ሕዝብ ስም መጥራታቸው ኅብረተሰቡን ክፉኛ አስቀይሞ ነበር። ሙታንን በሐዘን ቀናት በስማቸው መጥራት ባህላቸው በማይፈቅድ ቤተሰቦች ደጅ ጋዜጠኞች ተሰልፈዋል። የአካባቢው ሰዎች በመኖሪያቸው ስም መጠራቱንም ስለተቃወሙ ቫይረሱ በመጨረሻ ሲን ኖምብሬ ተባለ፤ በስፓኒሽኛ «ስም የለሽ» ማለት ነው። በሽታ የሕዝብ ስም ሲሰጠው ሰው ሕመሙንም ሞቱንም ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

መርማሪዎቹ ራሳቸውም አደጋ አለባቸው። በአስከሬን ምርመራ ወቅት የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ባለሙያዎች አሉ። እንደ ኢቦላና ማርበርግ ባሉ በሽታዎች የሞተ ሰው አስከሬን ደግሞ ተሕዋሱን በብዛት ስለሚይዝ፣ መከላከያ ሳይለብሱ መንካት፣ ማጠብም ሆነ መገነዝ ለሕይወት ያሰጋል። በእነዚህ በሽታዎች በተጠረጠረ ሞት አስከሬኑን ሳይነኩ በአቅራቢያ ለሚገኝ የጤና ተቋም ማሳወቅ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ተራ ቤተሰብ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ ከሚታሰበው ይበልጣል። ሟቹ ምን ያህል ቀን እንደታመመ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስታመመው፣ ሌላ የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩን በግልጽ መናገር፣ ናሙና ሲጠየቅ ምክንያቱን ጠይቆ መፍቀድ፣ ሞቱንም ማስመዝገብ የዚህ ድርሻ አካል ናቸው። ከለቅሶ ቤት የማይለየው እድር፣ ጸሎት የሚያደርሰው ቄስና ሶላት የሚያሰግደው ኢማም ማንኛውም የጤና ቢሮ የማያገኘውን መረጃ ቀድመው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። በአንድ መንደር በአንድ ሳምንት ሦስት ወጣቶች በተመሳሳይ ሕመም ሲቀበሩ፣ ይህን ቀድሞ የሚያስተውለው ድንኳን የሚተክለው ሰው ነው። የሚያስተውለውን የሚነግረው የጤና ባለሙያ ካለ፣ ባለሙያውም የሚሰማ ከሆነ፣ አራተኛው ሰው ሊተርፍ ይችላል።